የእብድ ውሻ በሽታ ጠፍቶ አልነበረም እንዴ? ከካዛንቺስ ለመጣ ጥያቄ የእንስሳት ሐኪም ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው ካዛንቺስ ነው፣ ከፈረሰው ሰፈር ዳር። ከ4 ቀን በፊት አንድ የማናውቀው ውሻ መንገድ ላይ ሦስት ሰው ነክሶ ተሰወረ። የ7 ዓመት ልጄንም እጁን ቧጭሮታል፤ ትንሽ ደምቷል። ውሃ አፈሰስኩበት፣ በማግስቱም ጸበል ወሰድኩት። እስካሁን ደህና ነው። የእኛም ውሻ ከዚያው ውሻ ጋር ተናክሷል። ከሁለት ዓመት በፊት አስከትበነዋል፣ ካርዱም አለን። ጎረቤት ግን ይገደል እያለ ነው። በዚያ ላይ ሱሉልታ ያሉ ዘመዶቻችን ላማቸው ያበደ ውሻ ነክሷት ሞተችባቸው፤ ከእሷ የታለበ ወተት ጠጥተናል። ይህ በሽታ ጠፍቶ አልነበረም እንዴ? ከየት ተመልሶ መጣ? ምንስ እናድርግ?»

እህቴ፣ ይህን አንብበው ሳይጨርሱ ልጁን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የቀረውን ወረፋ ሲጠብቁ ያነቡታል። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የልጁን ሕክምና የሚወስነው የሚያየው ባለሙያ ነው፤ እኔ ከዚህ በታች የምነግርዎ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የሚለውን ነው።

4 ቀን አልረፈደም። ቫይረሱ በቁስሉ ከገባ በኋላ በደም ሥር አይሮጥም። ነርቭ ውስጥ ይገባና በቀን ጥቂት ሴንቲሜትር እያለ ወደ አንጎል ይወጣል። ለዚህ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ይፈጅበታል። በሳምንት የደረሰበት ሰው አለ፤ ከዓመት በኋላ የታመመም አለ። ክትባቱ የሚያድነው በዚህ መሀል ነው። ቫይረሱ አንጎል ደርሶ ምልክት ከታየ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ልጁ ዛሬ ደህና መሆኑ ምንም አያረጋግጥልንም። እንዲያውም የተነካው እጁ መሆኑ እኔን ያሳስበኛል። እጅና ፊት ነርቭ የበዛባቸው ቦታዎች ናቸው፤ ልጆች ደግሞ ቁመታቸው አጭር ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚነከሱት እዚያው ነው። በዓለም ላይ በተጠርጣሪ እንስሳ ከሚነከሱት 100 ሰዎች 40ዎቹ ከ15 ዓመት በታች ናቸው።

ከመውጣትዎ በፊት ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡት። ሰዓት ይዘው ይጠቡት፤ 15 ደቂቃ ከምናስበው በላይ ረጅም ነው። ውሃ ብቻ አይበቃም። የቫይረሱ ልባስ ቅባት ነው፤ ሳሙና ያንን ልባስ ያፈርሰዋል። ይህ የሚጠቅመው በተነከሱበት ሰዓት ቢሆንም ዛሬም አይጎዳም። ቡና መነስነስ፣ በርበሬ፣ ነዳጅ፣ በእሳት መተኮስ፣ እነዚህ ሁሉ ቁስሉን ያባብሳሉ እንጂ ቫይረሱን አይነኩትም።

«ደምቷል» ያሉት ቃል ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ቆዳው ተቧጭሮ ደም ካልወጣ ክትባት ብቻ ነው የሚሰጠው። ደም ከወጣ ግን ከክትባቱ ጋር ሴረም ይጨመራል። ሴረሙ የተዘጋጀ መከላከያ ነው፤ ክትባቱ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ቫይረሱን እዚያው ቁስሉ ላይ ይይዘዋል። የሚወጋውም በቁስሉ ውስጥና ዙሪያ ነው። ሴረም በየቦታው አይገኝም። ካጡት ክትባቱን ግን በዚያው ቀን ያስጀምሩ፤ ሴረሙ ከመጀመሪያው ክትባት በኋላ እስከ 7 ቀን ድረስ ሊሰጥ ይችላል። የሄዱበት ጤና ጣቢያ ክትባቱ ከሌለው ደግሞ የት እንዳለ ሳይነግሩዎ አይውጡ። «ነገ ተመለሱ» ከተባሉም በትሕትና፣ ግን በጽናት ይጠይቁ።

ክትባቱ አንድ ቀን ተወግቶ የሚያበቃ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን፣ በ3ኛው፣ በ7ኛው ቀን ይሰጣል፤ እንደየአሰጣጡ በ14ኛውና በ28ኛውም ይቀጥላል። የሚወጋው ክንድ ላይ ነው፣ ለትንንሽ ሕፃናት ጭን ላይ። መቀመጫ ላይ አይወጋም፤ እዚያ በደንብ አይሠራም። ይህን የምጽፈው ብዙ ታላላቆቻችን የእብድ ውሻ መርፌ ሲባል የድሮው ስለሚታወሳቸው ነው። ያ ከበግ አንጎል ይዘጋጅ የነበረ ክትባት ነው። በየቀኑ ሆድ ላይ ለሁለት ሳምንት ይወጋ ነበር፤ ሕመሙም፣ አልፎ አልፎ የሚያስከትለው የነርቭ ጉዳትም ቀላል አልነበረም። የዛሬው ሌላ ነው። አያት ልጁን «አይወጋ» ካሉ ይህን ይንገሯቸው።

ስለ ጸበሉ አልቆጣም። እምነትዎ ነው፣ ያጸናዎታል። በኤች አይ ቪ ጊዜ የሃይማኖት አባቶች ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም ብለው ሲያስተምሩ ሰምተናል። ይህም እንደዚያው ነው፦ ጸበሉንም ይጠመቅ፣ ክትባቱንም ይከተብ። የምለምንዎ ለጸበሉ ብለው የክትባት ቀን እንዳያሳልፉ ነው። የባህል መድኃኒት ግን ፈጽሞ አያጠጡት። ለዚህ በሽታ ተብሎ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ የእንዶድ ሥር ነው፤ ቁልቋልም የሚሰጡ አሉ። እንዶድ መርዝነት አለው፣ መጠኑ ከበዛ ልጅ ይገድላል። «ጠጥቶ ዳነ» የሚባለው ሰው መጀመሪያውኑ ያልተለከፈ ሊሆን ይችላል። ያበደ ውሻ የነከሰው ሁሉ አይታመምም፤ ማን እንደሚታመም ግን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ባህል መድኃኒቱን ስመ ጥር ያደረገው ይህ ነው።

የነከሰው ውሻ ስለተሰወረ ልጁ ክትባቱን እስከ መጨረሻው መውሰድ አለበት። ውሻው ተይዞ ቢሆን ኖሮ ሌላ መንገድ ነበረን። ቫይረሱ በውሻ ምራቅ ውስጥ የሚታየው ውሻው ሊታመም ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ስለዚህ የነከሰ ውሻ ታስሮ 10 ቀን ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ በነከሰበት ዕለት ምራቁ ንጹሕ ነበር ማለት ነው፤ የተጀመረውም ክትባት ሊቋረጥ ይችላል። ሰው ተሰብስቦ በድንጋይ ሲገድለው ይህ መረጃ አብሮ ይሞታል። ውሻው ከሞተ ደግሞ አይጣል፣ አይቃጠል። የእንስሳት ሐኪም ይጠራና ጭንቅላቱ ለምርመራ ይላካል፤ በሽታው የሚረጋገጠው ከአንጎሉ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ምርመራ የሚሠራው ፓስተር የሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ሌሎቹ ሦስት የተነከሱ ሰዎችም ክትባት መጀመራቸውን እባክዎ ይጠይቁልኝ። ሲነከስ ዝም የሚለው ብዙ ነው፣ በተለይ የቀን ሠራተኛና የጎዳና ልጅ።

ወተቱን በተመለከተ፣ አፍልታችሁ ከጠጣችሁ አትጨነቁ፤ ሙቀት ቫይረሱን ይገድለዋል። ጥሬውን የጠጣችሁ ከሆነ ወይም በጥሬው እርጎና ቅቤ ከተሠራ፣ በወተት ተይዞ መታመሙ የተረጋገጠ ሰው የለም፤ ቢሆንም ለሐኪሙ ይንገሩት። የበለጠ የሚያሳስቡኝ ሱሉልታ ያሉት ዘመዶችዎ ናቸው። የተለከፈች ላም ታገሳለች፣ ለሃጯ ይዝረበረባል፣ መዋጥ ያቅታታል። ባለቤቷ «የሆነ ነገር ታንቆባታል» ብሎ እጁን እስከ ክርኑ አፏ ውስጥ ይከታል። እጁ ላይ ጭረት ካለ በቀጥታ ተጋልጧል። ስልክ ደውለው ማን እጁን እንደከተተ ይጠይቁ፤ እሱም ክትባት ይጀምር። ላሟን አርደዋት ከሆነ ደግሞ ጭንቅላቷንና አንጎሏን የነካውን ሰው ይጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ፤ ጠፍቶ አልነበረም ወይ?

አልጠፋም። አዲስ አበባ ገና ወጣት ከተማ ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በ1903፣ የእብድ ውሻ ወረርሽኝ እንደነበረባት በታሪክ ተጽፏል። ከዚያ ወዲህ ለቆ አያውቅም። በአገር ደረጃ የሚሰጠው ግምት በዓመት ወደ 2,700 ሰው ይሞታል የሚል ነው። በዓለም ደግሞ ወደ 59,000 ይገመታል። ለምን አንሰማም? የሚሞተው ብዙ ጊዜ ድሃ ነው፣ ገጠር ነው፣ ቤቱ ነው። ሐኪም ቤት ቢደርስም «ምንም ማድረግ አይቻልም» ተብሎ ይመለሳል፣ መዝገብም ላይ አይወጣም። በሽታው «ተመለሰ» የምንለው ከተማ መሀል ሲመጣና እኛ የምናውቀውን ሰው ሲነክስ ነው።

ግን በሽታው በአንድ ሰፈር ለዓመታት ጋብ ብሎ እንደገና መነሣቱ እውነት ነው። ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል፤ መፍትሔው እዚያው ውስጥ አለና።

የሚገርመው ነገር፣ ይህ ቫይረስ በመዛመት ደካማ ነው። አንድ የታመመ ኩፍኝ ያለበት ልጅ ብዙ ልጅ ያሲዛል። አንድ ያበደ ውሻ ግን በሽታውን የሚያስተላልፈው በአማካይ ከአንድ እስከ ሁለት ለሚሆን ሌላ ውሻ ነው፤ እንዲያውም ከሁለት በታች ነው። ያበደ ውሻ ቶሎ ይሞታል፣ የነከሰውም ውሻ ሁሉ አይያዝም። ስለዚህ ሰንሰለቱን መበጠስ ከባድ መሆን አልነበረበትም። ከ10 ውሻ 7ቱን ብንከትብ ይበጠሳል። 70 በመቶ የሚባለው ቁጥር ይህ ነው።

ችግሩ ውሾቹ በቦታቸው አይቆዩም። የከተማችን ውሻ ዕድሜው አጭር ነው። መኪና ይገጨዋል፣ ይራባል፣ ይመረዛል። በየዓመቱ ደግሞ ቡችላ ይፈለፈላል። እስቲ እናስላው። ዘንድሮ 100 ውሻ ያለበት ሰፈር 70ውን ከተብን እንበል። በዓመቱ ውስጥ አንድ ሦስተኛው ሞቶ ባልተከተበ ቡችላ ቢተካ፣ የተከተበው 47 ያህል ብቻ ይቀራል። ሌላ ዓመት ሳንከትብ ካሳለፍን 31 ገደማ። ማንም ሳያጠፋ፣ ማንም ሳያስተውል፣ ጥበቃው በሁለት ዓመት ውስጥ ከግማሽ በታች ወረደ። እኛ የምንከትበው ግን መቼ ነው? ሰው ሲሞት። ያኔ ዘመቻ ይወጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ በሽታው ጋብ ይላል፣ ዘመቻውም ይረሳል። ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ ይመለሳል። የእርስዎ ውሻ ክትባት ሁለት ዓመት አልፎታል፤ የጎረቤቱስ?

ሁለተኛው ምክንያት፣ በሽታው ተደብቆ መጓዝ ይችላል። የተነከሰ ውሻ ለሳምንታት፣ ለወራት ጤነኛ መስሎ ይቆያል። አንድ ሰው ከሱሉልታ ወይም ከሰበታ «ጥሩ የግቢ ጠባቂ ይወጣዋል» ብሎ ቡችላ በታክሲ አምጥቶ ይሆናል። የኢንዶኔዥያዋ ባሊ ደሴት ይህ በሽታ አያውቃትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ገባባት፤ በጀልባ የመጣ ውሻ ሳያስገባው አልቀረም ተብሎ ይታመናል። ቶሎ ብላ ክትባት ላይ አላተኮረችም፤ ውሻ መግደል ጀመረች። በሽታው ደሴቷን አዳረሰ። የተገታው እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ውሾቹ በሰፊው ሲከተቡ ነው፤ እዚያም ቢሆን ክትባቱ በላላ ቁጥር ያገረሻል።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የቻድ ዋና ከተማ የኢንጃሜና ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2013 ሁለት ጊዜ ከተማ አቀፍ ዘመቻ ተደረገ፤ ሁለቱም ከ70 በመቶ በላይ ውሻ አዳረሱ። በከተማዋ ውስጥ መዛመቱ ለወራት ተቋረጠ። ድሃ የሆነ የአፍሪካ ከተማ፣ መንገድ ላይ ውሻ የሞላበት፣ አደረገው! ከዚያ ግን ከከተማው ውጭ ካለው አካባቢ ተመልሶ ገባ። ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንደኛ፣ ይቻላል። ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ ብቻዋን አትችለውም፤ ሸገር ከተማና ዙሪያው ያለው ገጠር አብረው መከተብ አለባቸው። የዘመዶችዎ ላምና የካዛንቺሱ ውሻ ሁለት የተለያዩ ወሬዎች አይደሉም።

በሽታው ወደ ዱር እንስሳትም ይሻገራል። ባሌ ተራሮች ላይ ቀይ ቀበሮዎቻችን እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 በዚሁ በሽታ በተደጋጋሚ አልቀዋል። በዓለም ላይ የቀሩት ወደ 500 ብቻ ናቸው። ያስያዛቸው የእረኞች ውሻ ነው።

ሦስተኛውን ምክንያት የምለው እኔ እንደማየው ነው። ብዙ ሰው «ባለቤት የሌለው» የሚለው የመንገድ ውሻ ባለቤት አለው። ቀን ይዞራል፣ ማታ አንድ ግቢ ይገባል፣ አንድ ሰው ፍርፋሪ ይሰጠዋል፣ ስሙን ይጠራዋል። ክትባት የሚሰጠው በዚያ ሰው እጅ ነው፤ ውሻውን ጎንበስ ብሎ የሚይዝልን እሱ ነው። ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርሱ ሰው ወደ ኮንዶሚኒየም ተዛወረ። አራተኛ ፎቅ ላይ ውሻ አይወጣም፣ ወይም ጎረቤት አይፈቅድም። ውሻው ቀረ። ያኔ ነው በእውነት ባለቤት ያጣው። ምግብ ፍለጋ ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል፣ ከሰፈሩ ውሾች ጋር ይናከሳል፣ እኛ ልንከትበው ብንሄድ የሚይዝልን የለም። የሰፈር መልሶ ግንባታ ሲታቀድ ውሻ የማን እንደሚሆን አስቀድሞ ቢታሰብ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ይህን ለወረዳ ሰዎችም እላለሁ።

«ይገደሉ» የሚለውን ሐሳብ አውቀዋለሁ። ልጁ የተነከሰበት ሰው ቢናገረው አልፈርድበትም። ግን አይሠራም። መርዝ ሲረጭ ቀድሞ የሚሞተው ሰው የለመደውና ከሰው እጅ የሚበላው ውሻ ነው፤ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተከተበው ነው። ባዶ የቀረውን ቦታ ያልተከተበ ቡችላና ከሌላ ሰፈር የመጣ ውሻ ይሞላዋል። ባለቤቶች ውሻቸውን ይደብቃሉ፤ በሚቀጥለው የክትባት ቀንም አያመጡትም። ስትሪክኒን የሚባለው የውሻ መርዝ ደግሞ መንገድ ላይ ለሚጫወት ልጅም፣ ለአሞራም አይመለስም።

እስከዚያው ራስዎንና ልጆቹን ለመጠበቅ አንድ የተሳሳተ እምነት ልስበር። «ውሃ ከጠጣ አላበደም» ይባላል። ውሻ ውሃ አይፈራም፤ ውሃ የሚያስፈራው የታመመን ሰው ነው። ያበደ ውሻ ሁሉ አረፋ እየደፈቀ አይሮጥም። አንዳንዱ ጥግ ይዞ ይተኛል፣ መንጋጋው ይንጠለጠላል፣ ድምፁ ይጎረናል። ባለቤቱ አጥንት የታነቀው መስሎት አፉን ይፈለቅቃል። ዓይን አፋር የነበረ ውሻ በድንገት ሰው ሲላመድ፣ ተግባቢ የነበረው ሲሸሽ፣ ድንጋይና እንጨት ሲነክስ ከታየ ማንም አይጠጋው። ድመትም እንደዚሁ ትለከፋለች፤ ትከተብ።

የእርስዎ ውሻ መገደል የለበትም። ካርዱን ይያዙና ዛሬ ወይም ነገ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይውሰዱት። ቀድሞ የተከተበ ስለሆነ አንድ ማጠናከሪያ ክትባት ይወጋል፤ ከዚያ ግቢ ውስጥ ታስሮ ለ45 ቀን ይጠበቃል። ልጆች አይቅረቡት፣ አንድ አዋቂ ብቻ ይመግበው። ቁስሉን በባዶ እጅ አይጠቡ፤ የዚያ ውሻ ምራቅ ፀጉሩ ላይ ሊኖር ይችላል። ባሕርዩ ከተለወጠ ወዲያው ሐኪሙን ይጥሩ። ጭራሽ ተከትቦ የማያውቅ ውሻ ቢሆን ኖሮ መልሴ እጅግ የከበደ ይሆን ነበር፤ ለወራት ተለይቶ መዘጋት ወይም በሐኪም እጅ ያለ ሕመም መሞት። ይገደል ለሚሉት ጎረቤቶች ይህን ልዩነት ያስረዷቸው።

ከዚያ ለሰፈሩ። እድራችሁ ካልተበተነ በእሱ ጀምሩ፤ ማን ውሻ እንዳለው ከእድር በላይ የሚያውቅ የለም። ከወረዳው የእንስሳት ሐኪም ወይም ከአካባቢው ክሊኒክ ጋር ተነጋግራችሁ አንድ እሁድ ጠዋት ቁረጡ። ከዋዜማው በጡሩምባ ይነገር። ገመድ፣ ጠረጴዛና ካርድ ይዘጋጅ። ውሻ የሚይዙት ወጣቶች አስቀድመው ራሳቸው ይከተቡ። ቡችሎችን አትመልሱ፤ ገና 3 ወር ያልሞላውም ቢሆን ይከተባል፣ በኋላ ይደገምለታል። ሉካንዳ ቤቱ በር ላይ የሚውሉትን ውሾች የሚያውቃቸው ሥጋ ቆራጩ ነው፤ እሱ ሲጠራቸው ይመጣሉ፣ እሱን ጥሩት። የተከተበው ሁሉ ጀርባው ላይ የማይጎዳ ቀለም ይቀባ። በማግስቱ ማለዳ በሰፈሩ ዞር በሉና ቁጠሩ። ካያችሁት 10 ውሻ 7ቱ ቀለም ካላቸው ለዚህ ዓመት ደርሳችኋል። ቀለም ያላቸው ከ7 ካነሱ በሚቀጥለው እሁድ ለቀሩት ድገሙት፤ የሚቀጥለው ዓመት ቀንም በዚያው ስብሰባ ይቆረጥ።